ዳቦ ቤቴ ውስጥ የ14 ዓመት ልጅ ብቀጥር ሕጉ ምን ይለኛል?

የቡሬው ዳቦ ቤት፦

ሰላም የአገር ልጆች። ቡሬ ላይ ትንሽዬ ዳቦ ቤት አለችኝ። ሰሞኑን አንድ የ14 ዓመት ልጅ "ሥራ ስጠኝ" እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶኛል። 8ኛ ክፍል ነው። እነሱ አካባቢ ትምህርት ከተቋረጠ ወዲህ ወደ ከተማ መጥቶ ከሁለት ትልልቅ ልጆች ጋር ቤት ተከራይቶ ይማራል። አባቱ ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ በአህያ ስንቅ ያመጡለታል፣ ያው ድርቆሽ፣ በሶ፣ ትንሽ ሽሮ። ሐሙስ ሳይደርስ ያልቃል። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ደጄ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። ዳቦ ስጠኝ ብሎኝ አያውቅም፣ ሥራ ነው የሚለው።

የኛ ሥራ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ሊጥ ይቦካል፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያው ዳቦ ይወጣል፣ ከዚያ ለሻይ ቤቶችና ለሱቆች ይታደላል። ልጁ "ከሌሊቱ ጀምሬ ሠርቼ 2 ሰዓት ላይ ትምህርት ቤት እገባለሁ" ነው የሚለኝ። አባቱንም አናግሬያቸው ነበር። "ልጄ ልጅህ ነው፣ ብቻ ከክፉ ጠብቅልኝ፣ ከፈለግህም እፈርምልሃለሁ" አሉኝ።

አንዱ ወዳጄ 14 ከሞላው ይቻላል አለኝ። ሌላው የለም 15 ነው አለ። ሒሳብ የሚሠራልኝ ልጅ ደግሞ 18 ካልሞላው አትንካው ብሎኛል። የቱ ነው ልክ? የአባትየውስ ፊርማ ያድነኛል? ደግሞ የራሴ የ12 ዓመት ልጅ ከትምህርት መልስ ባንኮኒ ላይ ቆማ ትሸጥልኛለች፣ እሷም ጥፋት ልትሆንብኝ ነው? ልጁን ልርዳ ብዬ ዳፋው ለቤተሰቤ እንዳይተርፍ ነው፣ የምታውቁ መላ በሉኝ።

ጠበቃው ከማርቆስ፦

14 ያለህ ሰው የድሮውን ሕግ ነው የነገረህ፣ አዋጅ 377/96ን። እሱ በ2011 በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ተሽሯል፣ አዲሱ ደግሞ ዕድሜውን ወደ 15 ከፍ አድርጎታል። አንቀጽ 89ን ክፈትና አንብበው፣ አጭር ነው። 15 ዓመት ያልሞላውን ሰው መቅጠር ክልክል ነው ይላል። "ወላጅ ከፈቀደ" የሚል የለበትም፣ "ልጁ ራሱ ከለመነ" የሚልም የለበትም። ስለዚህ የአባትየው ፊርማ አያድንህም። እንዲያውም ዕድሜውን እያወቅህ እንደቀጠርከው የሚመሰክርብህ ወረቀት ነው የሚሆነው፣ እንዳትቀበላቸው።

18 ያለህም ሰው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ከ15 እስከ 18 ያለው "ወጣት ሠራተኛ" ይባላል። ይቀጠራል፣ ግን እንደ አዋቂ አታሠራውም። በቀን ከ7 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት አይሠራም። በሳምንት ዕረፍቱና በሕዝብ በዓል አይሠራም። ለዳቦ ቤት ዋናው ደግሞ ይሄ ነው፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ወጣት ሠራተኛን ማሠራት ክልክል ነው። የእናንተ ሥራ ደግሞ ዋናው ሌሊት ስለሆነ፣ ልጁ ነገ ጠዋት 15 ቢሞላው እንኳ ያ የ8 ሰዓቱ ሊጥ አይሆንም። "ራሱ ፈልጎ ነው" ብለህ የምታልፈው ነገርም አይደለም።

ሌላው፣ ሕይወቱን ወይም ጤናውን ለአደጋ የሚያጋልጥ ሥራ ላይ 18 እስኪሞላው አይመደብም። አዋጁ በስም የጠራቸው አሉ፦ ሰውና ዕቃ በመንገድ ማጓጓዝ፣ መጋዘን ውስጥ ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ መጎተትና መግፋት፣ ኤሌክትሪክ ማመንጫና ትራንስፎርመር፣ ከመሬት በታች የሚሠሩ እንደ ማዕድንና ድንጋይ ካባ ያሉ ሥራዎች፣ የፍሳሽ ቦይና የዋሻ ቁፋሮ። ዱቄትህ በኩንታል የሚመጣ ከሆነ ማራገፉን ለአዋቂ ተወው።

የራስህ ልጅ ነገር ሌላ ነው። አዋጁ የሚመለከተው ቅጥርን ነው፣ አባት ልጁን አልቀጠራትም። ያ ማለት ግን እንዳሻህ ማለት አይደለም፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ትምህርቷን፣ ጤናዋንና ደኅንነቷን ከሚጎዳ ሥራ ይጠብቃታል። ከትምህርት መልስ ዳቦ ብትሸጥልህ ማንም ምንም አይልህም። ገበያ ደራ ብለህ ከክፍል ካስቀረሃት ያኔ ሌላ ነገር ነው።

የደብረ ኤልያሱ እረኛ፦

ኧረ ተዉ እናንተ ሰዎች። እኔ ጥርሴን ሳልጨርስ ነው ሰው ቤት እረኛ የተቀጠርኩት። ደመወዜ በዓመት እህልና አንድ ልብስ ነበር፣ እህሉንም የሚቀበሉት አባቴ ናቸው። ዛሬ እግዜር ይመስገን ልጆቼን አስተምራለሁ። ያኔ አንድ ሕግ አዋቂ መጥቶ "ልቀቁት" ቢል ኖሮ ምን እበላ ነበር? የቆሎ ተማሪውስ በየደጁ ቁራሽ ለምኖ፣ ውሻ ተከላክሎ ይማር የለም እንዴ? ይሄ ልጅ ሙቀት ውስጥ ሠርቶ፣ ትኩስ ዳቦ በልቶ ቢማር ነውሩ ምኑ ላይ ነው?

ሕጉ ልጁን ከዳቦ ቤቱ ያስወጣዋል፣ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ግን አይጠይቅም። እኔ ልንገራችሁ። አንዱ ደላላ ያገኘውና ወደ መተማ ሰሊጥ አረም ይዞት ይወርዳል፣ አሊያም አዊ ሄዶ ዲከረንስ ከሚሉት ዛፍ ከሰል ሲያከስል፣ ጭስ ሲውጥ ይከርማል። እዚያ ተቆጣጣሪ የሚባል ሰው ዝር አይልም። ሕጋችሁ የሚጠነክረው ከተማ ላይ ንግድ ፈቃድ በሰቀለ ምስኪን ላይ ነው።

ደግሞ ኢንተርኔት ላይ እንዳነበብኩት የዓለም ሥራ ድርጅት ራሱ ለ13 ዓመት ልጅ ቀላል ሥራ ይፈቅዳል። እኛ ከነሱ በልጠን ነው?

ጠበቃው ከማርቆስ፦

ያነበብከው ልክ ነው፣ ግን ግማሹን ነው። ስምምነት ቁጥር 138 ይባላል፣ ኢትዮጵያም በ1991 አጽድቃዋለች። የሚለው፣ አገሮች ከፈለጉ በራሳቸው ሕግ ለ13 ዓመት ልጅ፣ ኢኮኖሚያቸው ደከም ላለ አገሮች ደግሞ ለ12ም ቢሆን፣ ትምህርትና ጤናውን የማይነካ ቀላል ሥራ ሊፈቅዱ ይችላሉ ነው። "ሊፈቅዱ ይችላሉ" የሚለውን ልብ በል። የኛ አዋጅ ያንን አልፈቀደም፣ ከ15 በታች ያለውን ቀላል ከባድ ሳይል ዘግቶታል። ልክ ነው አይደለም ልንከራከር እንችላለን፣ ጠያቂው ግን ነገ የሚጠየቀው ባለው ሕግ ነው።

እረኝነቱም ቢሆን፣ አዋጁ እርሻን ከሽፋኑ አላወጣም። ለሰው ከብት በክፍያ የሚጠብቅ የ10 ዓመት ልጅ ሕጉ አይመለከተውም ማለት አይደለም፣ የሚጠይቅ ስለሌለ ነው። ወዴት ይሄዳል ላልከው ግን መልስ የለኝም፣ አዋጁም የለውም። እሱ የትምህርት ቤት ምገባ፣ የኪራይና የስንቅ ጉዳይ ነው፣ በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ አይፈታም።

ወገቤን፦

አባቴ በቀን 7 ሰዓት በሚለው ሕግ አሳድገውኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ወገቤን ባላመመኝ። በአጨዳ ጊዜ 7 ሰዓት ማለት ቁርስ የሚመጣበት ሰዓት ነው 😂

የሞጣዋ፦

ስለ ዳቦ ቤትና ስለ ከብት ጥበቃ ትከራከራላችሁ። ሴቶቹስ?

ጎረቤቴ ቤት አንዲት ልጅ አለች፣ 11 ቢሆናት ነው። "ላስተምራት" ተብላ ከገጠር የመጣች ናት። ምጣዱ ስለማይደርስላት የዘይት ጀሪካን ገልብጣ እሱ ላይ ቆማ ነው እንጀራ የምትጋግረው፣ አክንባሎውን ስታነሳ እንፋሎቱ ፊቷን ይመታታል፣ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ነው የምትከድነው። የማታ ትምህርት ገብታለች ይባላል፣ ደብተሯን አንድ ቀን አየሁት፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ብቻ ነው ጽሑፍ ያለው። ደመወዟ ለእናቷ ይላካል፣ ስንት እንደሆነ እሷ አታውቅም። አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ስናገር "የቤት ጉዳይ ነው፣ እህቴ፣ አንገባም" አሉኝ። ዳቦ ቤት ውስጥ ብትሆን ኖሮ ክልክል ነው ትሉ ነበር፣ ጓዳ ስትገባ ሕጉ የት ጠፋ?

ጠበቃው ከማርቆስ፦

እህቴ፣ የነካሽው የሕጉን ትልቁን ቀዳዳ ነው። አዋጁ አንቀጽ 3 ላይ ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት፣ ማለትም የቤት ሠራተኛን፣ ከሽፋኑ አውጥቶታል። ለነሱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣል ይላል። ከዚያ ውጭ የቀረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ያሉ ጥቂት አንቀጾች ናቸው። ስለዚህ 15 ዓመት የሚለውን አንቀጽ 89 ይዘሽ ብትሄጂ ይመልሱሻል።

ግን "አንገባም" ማለታቸው ልክ አይደለም። አንቀጽ 36 ያልኩት የሕገ መንግሥቱ ነገር ጓዳም ይገባል። ልጅን ለብዝበዛ ብሎ ከቦታ ቦታ ማዘዋወር፣ መመልመል ወይም መቀበል ደግሞ በሰው መነገድን በሚከለክለው አዋጅ 1178/2012 ወንጀል ነው፣ ተጎጂዋ ልጅ ስትሆን "ተታለለች ወይ፣ ተገደደች ወይ" ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም፣ ወላጅ መስማማቱም አያድንም። ሁሉም ቤት ያለች ልጅ እዚህ ውስጥ ትገባለች ማለቴ አይደለም፣ እንደየሁኔታው ነው። ግን የትምህርቱ፣ የደመወዙና የሥራው ነገር እንዳልሽው ከሆነ የወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ሂጂ፣ እምቢ ካሉሽ ፖሊስ ጋ የሕፃናት ጉዳይ የሚይዙትን ጠይቂ። በቃል ብቻ አትመለሺ፣ በጽሑፍ አስገቢና የተቀበለሽ ሰው ይፈርምልሽ።

ተቆጣጣሪ የነበረ፦

የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ላይ ሠርቻለሁ፣ ዛሬ ወጥቻለሁ። ዳቦ ቤት ያለህ ወንድሜ፣ አንተ ተቆጣጣሪውን ነው የፈራኸው፣ እኔ ብሆን ማሽኑን ነው የምፈራው።

ሊጥ ማቡኪያውን ታውቀዋለህ። ጠርዙ ላይ ሊጥ ይጣበቃል። ያወቀ ሰው ማሽኑን አጥፍቶ ነው የሚፍቀው፣ የቸኮለ ግን እየዞረ እጁን ይሰዳል፣ ሁሉም ቤት ያደርጉታል፣ እኔው ፊት ያደረጉ አሉ። አንድ ከተማ ላይ ልክ እንዳንተኛው ያለ ከገጠር የመጣ ተማሪ ልጅ፣ እንቅልፉ ከዓይኑ ሳይለቅ፣ ሹራቡን ሳይሰበስብ እጁን ሰደደ። እጅጌውን ያዘው። ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ባለቤቱ ለመጀመሪያ የተናገረው "ሠራተኛዬ አይደለም፣ ሊያግዘኝ መጥቶ ነው" የሚል ነበር። ሽምግልና ገባ፣ የሕክምናውን ከፈለ፣ ልጁ ግን ዓመቱን ሙሉ ከትምህርት ቀረ፣ የሚጽፍበት እጁ ነበራ።

ሕጉ እዚህ ላይ ምሕረት የለውም። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪ ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። ጥንቃቄ አድርጌ ነበር፣ ነግሬው ነበር ማለት አያወጣህም። ልጁ 15 ካልሞላው ደግሞ ሳትጀምረው ነው የተሸነፍከው። ያለዕድሜው መቅጠሩ ብቻውን በገንዘብ ያስቀጣል፣ ጉዳት ሲጨመርበት ሌላ መዘዝ ነው።

ተቆጣጣሪም ሳይናገር ነው የሚመጣው። በሥራ ሰዓት ያለ ማስጠንቀቂያ መግባት መብቱ ነው። እኛ ዳቦ ቤት የምንሄደው ሌሊት ነበር፣ ቀን ብትሄድ ምን ታያለህ? በጓሮ በር የሚያስወጧቸው ልጆች ነበሩ፣ ዱቄቱ ቅንድባቸው ላይ እንዳለ።

ስለ ዕድሜ ማረጋገጫ ልጨምር። ቁመቱ ረዝሟል፣ ድምፁ ጎርንኗል ብለህ አትገምት። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ፣ ማለትም የልደት ካርዱ ነገር፣ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ላይ ነው፣ ስለዚህ አሁን 14 እና 15 የሆኑት ልጆች ሲወለዱ የተመዘገቡ አይደሉም፣ ካርድ ካላቸውም በኋላ የወጣ ነው። የትምህርት ቤቱን መዝገብና የክርስትና ወረቀቱን አብረህ እይ። ሦስቱ ሦስት ዓመተ ምህረት ሲናገሩ አይቻለሁ። እንዲያ ከሆነ ዝቅ ያለውን ዕድሜ ይዘህ አስብ፣ ወይም ተወው።

የቡሬው ዳቦ ቤት፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የማሽኑን ነገር ሳነብ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ፣ እኛም ጋ እየዞረ ነው የሚፋቀው፣ ዛሬ ማታ ነግሬያቸዋለሁ።

እሺ ልጁን ትቼዋለሁ። አሁን ያሰብኩት አብሮት የተከራየውን ትልቁን ልጅ ነው። 16 ሞልቶታል፣ የትምህርት ቤት ወረቀቱን አይቻለሁ። የጠዋት ፈረቃ ስለሆነ ከሰዓት ከ9 እስከ 12 ሰዓት ባንኮኒ ላይ ቢሸጥልኝ፣ ትሪ ቢያጥብ፣ እሷን ልጄንም ቢያሳርፍልኝ ችግር አለው? ማሽን አይነካም፣ ጆንያም አይሸከምም። ደግሞ ግማሹን በብር ግማሹን በዳቦ ብከፍለው ይሻለዋል ብዬ አሰብኩ፣ ትንሹም ልጅ አብሮ እንዲበላ። እሑድስ? የበዓል ዋዜማስ? የፋሲካን ዋዜማ ታውቁታላችሁ፣ ሰው ዶሮው ሳያንሰው ዳቦውንም ከኛ ነው የሚወስደው፣ ያን ቀን ስንት እጅ ቢኖረኝ አይበቃኝም።

ተቆጣጣሪ የነበረ፦

በቀን 3 ሰዓት ከሆነ ምንም የለውም፣ ጥሩ አስበሃል። ዋዜማው ራሱ በዓል ስላልሆነ እስከ ምሽቱ 4 ይሠራልህ፣ ግን ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ የሠራውንም ደምረህ 7 ሰዓት እንዳያልፍ። 4 ሰዓት ሲሆን ይሂድ፣ ሰልፍ ቢኖርም። የበዓሉ ዕለት አይመጣም። እሑድ የዕረፍት ቀኑ ከሆነም እንዲሁ።

ዳቦውን ተጠንቀቅ። ደመወዝ በመርህ ደረጃ በገንዘብ ነው። ከተስማማችሁ የተወሰነውን በዓይነት መክፈል ይቻላል፣ ግን በዓይነት የሚሰጠው በገንዘብ ከሚከፈለው 30 በመቶ መብለጥ የለበትም፣ ዳቦውንም ገበያ ላይ ከሚሸጥበት ዋጋ በላይ አታስብበትም። ግማሽ በግማሽ ያልከው ስለዚህ አይሆንም። እኔ ብሆን ደመወዙን በብር ከፍዬ፣ ማታ የተረፈውን ዳቦ እንዲሁ እሰጠዋለሁ። ያ ደመወዝ አይደለም፣ ማንም አይቆጥርብህም። ለግል ድርጅት በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ ስንት ትከፍለዋለህ የሚለው በናንተ ስምምነት ነው፣ ልጅ ነው ብለህ ግን አትጨክንበት።

ውል ጻፍ። በቃል ቢሆንም ቅጥሩ ቅጥር ነው፣ ግን በጽሑፍ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ልትሰጠው ይገባል። ሰዓቱን እዚያው ላይ አስቀምጥ፣ "ከ9 እስከ 12" ብለህ። የሌሊት ሠራተኞችህም ያንብቡት፣ አንተ በሌለህበት "ና አንዴ ያዝልን" የሚሉት እነሱ ናቸው።

የደብረ ኤልያሱ እረኛ፦

ይሄኛው እንኳ የሚያስማማ ነው። የተረፈውን ዳቦ ለትንሹ በ16 ዓመቱ ልጅ በኩል ማሳለፍ ሕግ የሚያውቀው አይደለም፣ አይዞህ ስጠው። ጠበቃው፣ እኔም አሁን ያን ያህል ሕጉን ጠልቼ አይደለም፣ ግን መተማ ያልኩት ነገር አለቀቀኝም፣ ሰኔ ሲመጣ የመኪና መናኸሪያው ላይ ቆማችሁ ተመልከቱ።

ፍኖተ ሰላም ጋራዥ፦

በዚሁ እኔም ልጠይቅ። የወንድሜ ልጅ 16 ዓመቱ ነው፣ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አውቶ ይማራል። ኮሌጁ ለትብብር ሥልጠና ጋራዥ ፈልግ ብሎታል፣ እኔ ጋ ላድርገው ነው። ሌላው ወንድማችን ደግሞ ለክረምቱ አይሱዙ ላይ ረዳት ላድርገው ይላል። ሁለቱም ይቻላል?

ጠበቃው ከማርቆስ፦

ጋራዡ ይቻላል፣ አይሱዙው አይቻልም። ሥልጣን ያለው አካል አጽድቆት በሚከታተለው የሙያ ትምህርት ሥር የሚሠራ ተማሪን አዋጁ ከአደገኛ ሥራ ክልከላው ለይቶ አውጥቶታል፣ ስለዚህ የኮሌጁን ደብዳቤ ያዝ፣ የሚከታተለው አሠልጣኝ ማን እንደሆነም ጠይቅ። ደብዳቤው የሚሸፍነው ሥልጠናውን ነው፣ ማታ "መኪና ደርሶብናል" ብለህ እስከ 5 ሰዓት ብታስመሸው አይሸፍንህም። ረዳትነቱ ግን ዕቃና ሰው በመንገድ ማጓጓዝ ስለሆነ 18 እስኪሞላው ይቆይ፣ አጎቱ መኪናውን የሚነዳው ራሱ ቢሆንም።